አንብቦ መረዳትና ዲጂታል ገጽ፦ ከስክሪን የምናነበውን እንዴት የራሳችን እናድርገው?

መግቢያ

ወደ ቢሮአችን ከመጡት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች መካከል አንዱን አንረሳውም። ተማሪው በእጅ ስልኩ የጫነውን የፊዚክስ መጽሐፍ ከፍቶ አሳየን። ምዕራፉ ከዳር እስከ ዳር በቢጫ ቀለም ተሰምሮበታል። «ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሳነበው ሁሉም ይገባኛል፤ ፈተና ላይ ግን አንዱንም መሥራት አልቻልኩም» አለን። ስልኩን ተቀብለን ጠረጴዛው ላይ ደፋነውና የምዕራፉን ዋና ሐሳብ በራሱ አነጋገር እንዲነግረን ጠየቅነው። ጥቂት ቃላት ከተናገረ በኋላ ዝም አለ።

ይህን ተማሪ ለመውቀስ አንደፍርም። እኛም በውጭ አገር የዶክትሬት ትምህርታችንን በጀመርንበት ዓመት ተመሳሳይ ነገር ደርሶብናልና። አንድ የምርምር ጽሑፍ ከኮምፒውተር ላይ ሁለት ጊዜ አንብበን ወደ አማካሪያችን ዘንድ ሄድን። እሳቸውም ባዶ ወረቀት አቀረቡልንና በጽሑፉ ውስጥ ያለውን ሁለተኛውን ግራፍ ሳናይ እንድንስለው ጠየቁን። አግድሙ መስመር ምን እንደሚለካ እንኳ ማስታወስ አቃተን። ዓይናችን ገጹን ሁሉ አዳርሷል፤ አእምሯችን ግን የያዘው ነገር አልነበረም።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ አንገብጋቢ ሆኗል። የታተመ መጽሐፍ ማግኘት ያልቻለ ተማሪ በስልኩ ያነባል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተፈታኞች በኮምፒውተር ተሰጥቷል። ከስክሪን አንብቦ መረዳት እንግዲህ የጥቂቶች ምርጫ መሆኑ ቀርቶ አስፈላጊ ችሎታ ሆኗል ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ መረዳት ምን እንደሆነ፣ ስክሪን በመረዳት ላይ ምን ተጽዕኖ እንዳለው፣ እንዲሁም ዲጂታል የንባብ መድረኮችን ችሎታችንን ለማዳበር እንዴት ልንጠቀምባቸው እንደምንችል በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

መረዳት ማለት ምን ማለት ነው?

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዋልተር ኪንችና የቋንቋ ሊቁ ቴውን ቫን ዳይክ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ አንባቢ በአእምሮው ውስጥ የሚገነባቸውን ሁለት ነገሮች ለይተው አሳይተዋል። አንደኛው ጽሑፉ የተናገረው ነገር ራሱ ነው። ሁለተኛው ጽሑፉ ስለሚናገርለት ሁኔታ አንባቢው ከራሱ ዕውቀት ጋር አዋሕዶ የሚፈጥረው ሥዕል ነው።

ልዩነቱን በምሳሌ እንየው። «ፈሳሽ የሚፈላው የትነት ግፊቱ ከከባቢው አየር ግፊት ጋር እኩል ሲሆን ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አነበብን እንበል። «ፈሳሽ የሚፈላው መቼ ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ዓረፍተ ነገሩን በቃሉ የያዘ ሁሉ ይመልሳል። «አዲስ አበባ ላይ ሽምብራ ለመቀቀል ከድሬዳዋ ይልቅ ረጅም ጊዜ የሚፈጀው ለምንድን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅስ? ጽሑፉ ስለ ሽምብራም ሆነ ስለ ድሬዳዋ አንዳች አልተናገረም። መልሱን የሚያገኘው ሁኔታውን በአእምሮው የሣለ አንባቢ ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለሆነም ውሃው ግፊቱን ለመቋቋም ብዙ መሞቅ ሳያስፈልገው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። ከዚያ በኋላ እሳቱን ብናበዛው እንኳ ውሃው በፍጥነት ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ ውሃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽምብራው ቶሎ የሚበስለው በሞቀው ውሃ ውስጥ ነው። ቢሮአችን የመጣው ተማሪ የመጀመሪያውን ዓይነት ዕውቀት ለጊዜው ይዞ ነበር፤ ፈተናው የጠየቀው ግን ሁለተኛውን ነው።

ወረቀትና ስክሪን

እ.ኤ.አ. በ2018 ፓብሎ ዴልጋዶና ባልደረቦቹ ከ2000 እስከ 2017 የተሠሩ 54 ጥናቶችን በአንድነት መርምረው ነበር። በጥናቶቹ ከ170,000 በላይ አንባቢዎች ተሳትፈዋል። በውጤቱም ተመሳሳይ ጽሑፍ ከወረቀት ያነበቡት ከስክሪን ካነበቡት በመጠኑ የተሻለ መረዳት አሳይተዋል። ልዩነቱ የታየው ዕውቀት በሚያስተላልፉ ጽሑፎች ላይ ነው፤ ልብ ወለድ ብቻ ሲነበብ አልታየም። በጊዜ ገደብ ሲነበብ ደግሞ ልዩነቱ ሰፍቷል።

ምክንያቱ ስክሪኑ የሚያመነጨው ብርሃን ነው ብለን እንዳንቸኩል ሌላ ጥናት እንጥቀስ። ራኬፌት አከርማንና ሞሪስ ጎልድስሚዝ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች የጥናት ጊዜያቸውን ራሳቸው እንዲወስኑ ሲፈቀድላቸው፣ ከስክሪን ያጠኑት ዝቅተኛ ውጤት አግኝተዋል። ይሁን እንጂ ምን ያህል እንደሚያገኙ አስቀድመው ሲገምቱ ከእውነተኛው ውጤታቸው አብልጠው ገምተዋል። ችግሩ ገና ሳይገባን «ገባኝ» ብለን መቆማችን ነው ማለት ነው። ስልክ የሚያለማምደን አጫጭር መልእክትን በጥድፊያ ማለፍን ነው፤ የኒውተንን ሕግ ስናነብም ይኸው ልማድ ይከተለናል። ልማድ ግን ሊታረም ይችላል።

ዲጂታል ገጽ የሚሰጠን ዕድል

ዲጂታል ንባብ ወረቀት የማይሰጣቸውን ጥቅሞች ይዟል። በአሜሪካ የራይስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት የሆነው ኦፕንስታክስ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የፊዚክስና የሌሎች ትምህርቶችን ሙሉ መጻሕፍት በነፃ ያቀርባል። ኪዊክስ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ ዊኪፔዲያን አንድ ጊዜ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። መስመር በተቋረጠ ቁጥር ንባቡ ለሚቋረጥበት ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለፊዚክስ መምህራን በተለይ ትኩረት የሚስበው ፐሩዛል የተባለው መድረክ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ የሀርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ናቸው። ማዙር ተማሪዎቻቸው ቀመር ተጠቅመው አስቸጋሪ ስሌት እየሠሩ፣ ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ የሚጠየቁትን መሠረታዊ ጥያቄ ግን እንደማይመልሱ ከተገነዘቡ በኋላ የአስተማሪነት ዘዴያቸውን የለወጡ ምሁር ናቸው። በዚህ መድረክ ተማሪው ከክፍል በፊት ምዕራፉን ያነብባል፤ ያልገባውን መስመር መርጦ በገጹ ኅዳግ ላይ ጥያቄውን ይጽፋል፤ ጓደኞቹም እዚያው ይመልሱለታል። መምህሩ ወደ ክፍል ሲገባ አብዛኛው ተማሪ የተደናቀፈበትን አንቀጽ አስቀድሞ ያውቃል።

መድረኩን ማግኘት ያልቻለ ክፍልም ሐሳቡን ሊጠቀምበት ይችላል። አምስት ተማሪዎች በአንድ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አንድ ምዕራፍ ይዘው፣ እያንዳንዳቸው በየሳምንቱ ገጽና አንቀጽ ጠቅሰው ሁለት ጥያቄ ቢያቀርቡና አንድ ቢመልሱ ዋናው ጥቅም ይገኛል። «ምዕራፍ 4 አልገባኝም» የሚል ጥያቄ ግን አይጠቅምም። «በገጽ 93 ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሰበቃው ወደ ፊት ያመለከተው ለምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን የመልሱን ግማሽ ይዟል።

አምስት የንባብ እርምጃዎች

አንደኛ፣ ከማንበባችን በፊት ርዕሶቹን ብቻ አይተን እያንዳንዱን ወደ ጥያቄ እንለውጥ። መልሱን በግምት ጽፈን እናስቀምጥ። ግምቱ ቢሳሳትም ንባቡ የሚፈልገው ነገር ያገኛል።

ሁለተኛ፣ የስልኩን የመልእክት ድምፅ ዘግተን አንድ ንዑስ ክፍል ብቻ እናንብብ። ቀመር ስናገኝ ቆመን እያንዳንዱ ፊደል የሚወክለውን በቃል እንናገር። የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ በመሆኑ ቃሉን ተጭኖ ትርጉም ማየት ይረዳል፤ ነገር ግን ጥንቃቄ ይሻል። መዝገበ ቃላቱ «ሥራ» ብሎ የሚፈታው ቃል በፊዚክስ ውስጥ የተለየ ትርጉም አለው። ኩንታል ተሸክሞ ባለበት የቆመ ወዛደር ላብ ቢያጠምቀውም በኩንታሉ ላይ የሠራው ሥራ ዜሮ ነው፤ ኩንታሉ አልተንቀሳቀሰምና።

ሦስተኛ፣ ንዑስ ክፍሉ ሲያልቅ ስልኩን ደፍተን ያነበብነውን በወረቀት ላይ እንጻፍ። ሮዲገርና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ በአራት ዙር ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ 83 በመቶውን አስታውሰዋል። በአንድ ዙር ብቻ አንብበው በቀሩት ሦስት ዙሮች ሳያዩ የጻፉት ደግሞ 71 በመቶ አስታውሰዋል። ከሳምንት በኋላ ግን ውጤቱ ተገለበጠ፤ ደጋግመው ያነበቡት 40 በመቶ፣ ሳያዩ የጻፉት 61 በመቶ ያህል አስታውሰዋል። ደጋግሞ ማንበብ ለዛሬ ደስ ያሰኛል፤ ፈተናው ግን ዛሬ አይደለም።

አራተኛ፣ በአንድ ገጽ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ አናቅልም። ያቀለምነውም ለምን እንደተመረጠ በኅዳጉ እንጻፍ። ሁሉም የቀለመበት ገጽ ምንም ካልቀለመበት አይለይም።

አምስተኛ፣ በማግስቱና ከሳምንት በኋላ ተመልሰን ጥያቄዎቹን ብቻ እንመልስ፤ መጽሐፉን የምንከፍተው መልሱ ሲጠፋን ብቻ ይሁን።

ስለ አማርኛ ፍለጋ አንድ ማሳሰቢያ

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ከተካተተ ወዲህ በአማርኛ ዲጂታል ጽሑፍ ውስጥ ቃል መፈለግ ተችሏል። ሆኖም «ኃይል» ብለን ብንፈልግ፣ ደራሲው «ሀይል» ወይም «ሃይል» ብሎ የጻፈውን ተራ የፍለጋ ፕሮግራም አያገኘውም። ኮምፒውተሩ የሚያወዳድረው የፊደሉን ቁጥር እንጂ ድምፁን አይደለምና። ስለሆነም በሌሎቹ ሞክሼ ፊደላትም እንሞክር። ገጹ እንደ ፎቶግራፍ የተነሣ ከሆነ ደግሞ ፍለጋው ከነጭራሹ አይሠራም። «ፈልጌ አጣሁት» ማለት «በመጽሐፉ ውስጥ የለም» ማለት አይደለም።

መደምደሚያ

ከላይ የጠቀስነው ተማሪ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ የያዘው ደብተር ነበር። ከምዕራፉ ያነበበው አምስት ገጽ ብቻ ቢሆንም በራሱ አነጋገር ጽፎታል፤ በመጨረሻም አንድ መስመር አስምሮ «ከዚህ በኋላ ያለችው እርምጃ አልገባችኝም» አለን። እኛም ደስ አለን። ያልገባውን ነገር በጣቱ ማሳየት የቻለ ተማሪ ወደ መረዳት ግማሹን መንገድ ተጉዟል።

አንባቢያችን አሁን መጽሔቱን ከድኖ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በጽሑፍ እንዲመልስ እንጋብዛለን፦

1. በቃል የተያዘ ዓረፍተ ነገርና የተረዳነው ሐሳብ በምን ይለያያሉ? ከምታጠናው ትምህርት የራስህን ምሳሌ ስጥ።

2. ከባሕር ጠለል በታች በሚገኘው ዳሎል ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በላይ ነው ወይስ በታች? ምክንያቱን አስረዳ።

3. ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ በልጠው፣ ከሳምንት በኋላ ለምን ተበለጡ ትላለህ?