የሲንካት እሬት በካርቱም አትክልት ቦታ

እሬትን የማያውቅ የአገራችን ሰው ጥቂት ነው፤ እናቶች ሕፃን ጡት ለማስጣል መራራ ጭማቂውን ሲቀቡ ኖረዋል። ዛሬ የምናጠናው ግን በጎረቤታችን በሱዳን፣ በቀይ ባሕር ኮረብቶች ጠጠራማ ምድር የሚበቅለውን የሲንካትን እሬት ነው። ስሙን ያገኘው ከሲንካት ከተማ ሲሆን፣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1957 ለሳይንስ ያስታወቀው ጊልበርት ሬይኖልድስ የተባለው የእሬት ሊቅ ነው።

ተክሉ አጭር ነው፤ ግንዱ ከመሬት እምብዛም ከፍ አይልም። ቅጠሎቹ ወፍራምና ውኃ ያዘሉ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለባቸው፣ ጠርዛቸውም እሾኻም ነው። የቅጠሉ ቀዳዳዎች ቀን ተዘግተው ሌሊት ስለሚከፈቱ በፀሐይ ኃይል ብዙ ውኃ አያጣም። ቢጫ አበባው ስለሚያምር አትክልተኞች ይወዱታል።

በካርቱም ሊተክለው የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሊያውቅ የሚገባው፣ ይህን ተክል ከጥማት ይልቅ ጥጋብ ፈጥኖ የሚገድለው መሆኑን ነው። በዓባይ ዳር ያለው ሸክላማ አፈር ውኃ ያቁራል፤ ሥሩም አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ስለዚህ የሚከተለውን መፈጸም ያስፈልጋል።

አንደኛ፤ መደቡን ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ አፈሩን ከጠጠርና ከደረቅ አሸዋ ጋር እኩል መቀላቀል።

ሁለተኛ፤ ከእናቲቱ ሥር የወጣውን ቡቃያ በንጹሕ ቢላዋ ለይቶ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን በጥላ አቆይቶ መትከል።

ሦስተኛ፤ አፈሩ ሳይደርቅ ደግሞ አለማጠጣት፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት ወራት የከቀትር በኋላ ጥላ ማበጀት።

ከኮረብታው ነቅሎ ማምጣት ግን ነውር ነው። ተክሉ የሚገኘው በጠባብ አገር ብቻ ስለሆነ፣ የተነቀለውን የሚተካ በቶሎ አይበቅልም። ከተለመደው የመድኃኒት እሬት በቀር የእሬት ዓይነቶች ሁሉ ዓለም አቀፍ ንግዳቸው ሳይተስ በተባለው ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። አንድ እናት ተክል በጓሮው ያለው ሰው ግን ለጎረቤቱ ቡቃያ ቢሰጥ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

በ2023 በተነሣው ጦርነት ብዙ ሰው የካርቱም ቤቱንና አትክልቱን ትቶ ተሰዷል። ተመልሶ በደረቀው መደብ ላይ ቅጠሉ የተሸበሸበ እሬት የሚያገኝ ሰው ሞቷል ብሎ ለመንቀል አይቸኩል። የተክሉን እምብርት በጣቱ ይዳስስ፤ ጠንካራ ከሆነ ነፍስ አለው። በመጀመሪያ ጥቂት ውኃ ብቻ ሰጥቶ ይታገሥ፤ ሥሩ ደኅና ከሆነ ቅጠሉ ቀስ በቀስ ይሞላል።