መንገድ ሲዘጋ የአረጋውያን ደጅ እንዳይዘጋ

የትምህርቱ ርዕሰ ጉዳይ፦ በወረርሽኝ ወቅት የመንገድና የገበያ እገዳን ከአረጋውያን ድጋፍ ጋር አቀናጅቶ መወሰን

የትምህርቱ ዓላማ

ይህ ትምህርት በምሥራቃዊ ደቡብ ጎንደር፣ ማለትም በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሚገኙ የከተማና የወረዳ ምክር ቤት አባላት፣ ለቀበሌ አመራሮች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና ለዕድር ዳኞች የተዘጋጀ ነው። በትምህርቱ መጨረሻ ተሳታፊዎች፦

1. መንገድና ገበያ መዝጋት በአረጋውያን ላይ የሚያስከትለውን ጫና ያብራራሉ፤
2. እገዳና ድጋፍ በአንድ ስብሰባ፣ በአንድ ቃለ ጉባኤ መወሰን ያለባቸው ለምን እንደሆነ ይገነዘባሉ፤
3. ለየከተማቸው የሚስማማ የአረጋውያን ድጋፍ ዕቅድ ያዘጋጃሉ።

መግቢያ

ነፋስ መውጫ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የጭነት መኪናውና አውቶቡሱ የሚያልፍበት ይኸው ጎዳና ለነዋሪው መገበያያ፣ ለታማሚው ወደ ሕክምና መሄጃ፣ ለአቅመ ደካማው የዕለት እንጀራ ማግኛ ነው። የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ደግሞ ስሟ ራሱ ዓርብ ገበያ ነው፤ ከተማይቱ በሳምንቱ ገበያ እንደምትኖር ስሟ ይመሰክራል። የስማዳዋ ወገዳና የእስቴዋ መካነ ኢየሱስም ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ ለሚመጣው ገበሬ የገበያና የአገልግሎት ማዕከል ናቸው። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች አንድ መንገድ ወይም አንድ ገበያ ሲዘጋ አብሮ የሚዘጋው ብዙ ነው።

በወረርሽኝ ጊዜ መዝጋት አስፈላጊ የሚሆንበት ወቅት አለ። የዚህ ትምህርት ጥያቄ ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው፦ መንገዱ ከተዘጋ በኋላ፣ ከቤት መውጣት የሌለባቸው አረጋውያን እህሉንና መድኃኒቱን በምን ያገኛሉ?

ካለፈው ልምድ

ኢትዮጵያ ለወረርሽኝ እንግዳ አይደለችም። በ1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» የተባለው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ሲመታ ታማሚ የሚያስታምም፣ ሟች የሚቀብር እስኪጠፋ ድረስ ብዙ ሕይወት ቀጥፏል። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» የተሰኘው ልማድ የዚያ ዘመን ትውስታ ነው።

ኮቪድ-19 በኢትዮጵያ መገኘቱ የተረጋገጠው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በአማራ ክልል የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች እንደተገኙ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ቲሊሊና አዲስ ቅዳም ከመጋቢት 22 ቀን ጀምሮ ለ14 ቀናት እንቅስቃሴ እንዲገደብባቸው ተወሰነ። መጋቢት 30 ቀን በመላ ሀገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁን ለማስፈጸም የወጣው ደንብ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብንና በእጅ መጨባበጥን ከለከለ። ይኸው ደንብ አከራዮች ተከራይ እንዳያስወጡና የቤት ኪራይ እንዳይጨምሩም ደነገገ። ይህ ሁለተኛው ድንጋጌ ልብ ሊባል ይገባዋል፦ ሰው ቤቱ እንዲቀመጥ የሚያዝ ሕግ ሰው የሚቀመጥበት ቤት እንዳያጣም አብሮ አስቧል። በከተማ ደረጃ የሚሰጥ ውሳኔም ይህንኑ መንገድ መከተል አለበት።

ከአዲስ አበባ ደግሞ አንድ ጠቃሚ ምሳሌ ይገኛል። በፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ እጅግ የተጨናነቀ በመሆኑ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ጃንሜዳ እንዲዛወር ተደረገ። ገበያው አልተዘጋም፤ ወደ ሰፊ ቦታ ሄደ። ይሁን እንጂ ክረምቱ ሲገባ የሜዳው ጭቃ ሻጩንም ገዥውንም አስቸገረ። ትምህርቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከመዝጋት በፊት ማስፋት ይቻል እንደሆነ ይታይ። ሁለተኛ፣ አዲሱ ቦታ በጋም ክረምትም ለደካማ እግር የሚመች መሆኑ ይረጋገጥ። ጉና ተራራ ሥር ዝናብና ውርጭ ለሚፈራረቅባቸው ከተሞች ይህ ጥንቃቄ እጥፍ ያስፈልጋል።

አረጋውያን በተለየ ሁኔታ የሚታዩት ለምንድን ነው?

የመጀመሪያው ምክንያት ሕመሙ ነው። ኮቪድ-19 በማንኛውም ዕድሜ ያለን ሰው ይይዛል፤ በጽኑ የመታመምና የመሞት ዕድል ግን ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ይጨምራል። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ሲታከልበት አደጋው ይብሳል። ከዚህም ሌላ በአረጋውያን ላይ ሕመሙ ያለ ትኩሳት ሊጀምር ይችላል። የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ድንገተኛ ድካም፣ መደናገር ወይም መውደቅ የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ስለሚችል «እርጅና ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም።

ሁለተኛው ምክንያት ብቸኝነት ነው። ከጋይንትና ከስማዳ ብዙ ወጣቶች ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ። ቤት የሚቀሩት ብዙ ጊዜ እናትና አባት ናቸው። መንገድ ሲዘጋ ልጅ መመለስ አይችልም፤ ገንዘብ በሰው እጅ መላክም ይቋረጣል። ልጅ ያለው ሰው ለጊዜው ጧሪ እንደሌለው ይሆናል፤ ስሙ ግን በጧሪ አልባዎች መዝገብ ላይ ስለማይገኝ ይዘነጋል።

ሦስተኛው ምክንያት ገቢው ነው። ጉልት ተቀምጣ ቆሎ፣ በርበሬ ወይም ጌሾ የምትሸጥ አሮጊት የዛሬ ሽያጯ የዛሬ ምሳዋ ነው። ለእርሷ የሁለት ሳምንት እገዳ የሁለት ሳምንት ጾም ሊሆን ይችላል።

ለትምህርት የተዘጋጀ ምሳሌ

አንዲት የ74 ዓመት እናት በአንዲት የገበያ ከተማ ብቻቸውን ይኖራሉ እንበል። ልጃቸው መተማ ነው። በየሳምንቱ ገበያ በርበሬ ይሸጣሉ፤ ለደም ግፊታቸውም ከጤና ጣቢያ በየወሩ መድኃኒት ይወስዳሉ። የከተማው ምክር ቤት ገበያው ለ14 ቀናት እንዲዘጋ ወሰነ። ስለ ሌላ ነገር አልተነጋገረም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት እናት ትእዛዙን አክብረው ቤታቸው ተቀመጡ። በአምስተኛው ቀን ዱቄቱ አለቀ። በዘጠነኛው ቀን መድኃኒቱ አለቀ። በአሥረኛው ቀን ከከተማው ዳር፣ ከወንዙ ማዶ፣ በድብቅ ገበያ መቆሙን ሰሙና በርበሬያቸውን ተሸክመው ሄዱ። እዚያ ሰዉ በጠባብ ቦታ ተፋፍጓል፤ ውኃ የለም፤ የሚቆጣጠርም የለም። እገዳው ሊያድናቸው የወጣው እናት ከቀድሞው ገበያ ይልቅ ወደ ከፋ አደጋ ገቡ።

እኚህ እናት ጥፋተኛ አይደሉም። ውሳኔው ግማሽ ነበር። ያው ምክር ቤት በዚያው ስብሰባ ዕድሩ እህል በየቤቱ እንዲያደርስ፣ ጤና ጣቢያውም የሚቻል ሲሆን የሦስት ወር መድኃኒት አስቀድሞ እንዲሰጥ ወስኖ ቢሆን ኖሮ በአሥረኛው ቀን ከቤታቸው የሚያስወጣቸው ምክንያት ባልኖረ ነበር።

መንገድና ገበያ ሲዘጋ ሊታዩ የሚገባቸው ነጥቦች

አውራ ጎዳና ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ነፋስ መውጫን የሚያቋርጠው ጎዳና አምቡላንስ፣ መድኃኒትና እህል የሚያልፍበት ነው። ሊከለከል የሚገባው በመንገዱ ዳርና ዳር የሚደረገው የተጨናነቀ ግብይት ነው፤ ለዚያም አማራጭ ቦታ ይሰጥ።

መንገድን ለተሽከርካሪ ብቻ ዘግቶ ለእግረኛ መልቀቅ ይቻላል። በአዲስ አበባ ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተሰኘው መርሐ ግብር ጎዳናዎችን ለጥቂት ሰዓታት ከመኪና ነፃ በማድረግ ለእግረኛ የሚሰጥ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ የውስጥ ለውስጥ መንገድ በገበያ ቀን ለጋሪ፣ ለባጃጅና ለመኪና ተዘግቶ ሻጮች ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራርቀው ቢቀመጡበት ገበያውም ይቆማል፤ መፋፈጉም ይቀራል።

ማለዳው ለአረጋውያን ይሰጥ። ገበያው ከመሙላቱ በፊት ያለው የመጀመሪያ ሰዓት ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ብቻ ቢወሰን መገፋፋቱ ይቀርላቸዋል። እጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና፣ እንዲሁም አረፍ የሚሉበት ጥላ ሊዘጋጅላቸው ይገባል።

ድጋፉ ቤት ድረስ ይሂድ

ድጋፍ መስጠት ሰውን ማሰለፍ ማለት አይደለም። እህል ወይም ገንዘብ ለማደል አረጋውያንን በአንድ ግቢ መሰብሰብ፣ ገበያ ዘግቶ ሌላ ገበያ እንደ መክፈት ነው።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ይደነግጋል። ለዚህ የሚያገለግሉ መዋቅሮችም አሉ። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ናቸው። በዚህ ፕሮግራም ጉልበት የሌላቸው አረጋውያን ሥራ ሳይጠየቁ የቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ፤ ስም ዝርዝራቸውም በየቀበሌው አለ። በ2012 ዓ.ም. በከተሞች ሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች የሕዝብ ሥራው ቀርቶላቸው የሦስት ወር ክፍያ በአንድ ጊዜ እንዲያገኙ መደረጉ ለወረርሽኝ ወቅት ጥሩ አብነት ነው፤ ሰው ደጋግሞ ወደ ክፍያ ጣቢያ እንዳይመላለስ አድርጓል። በዚሁ ዞን ፎገራ ወረዳ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅንም መክፈል የማይችሉ ወገኖችን በመንግሥት ወጪ ያቅፋል፤ ከዚህ ውጭ የቀሩ አረጋውያን ካሉ ከእገዳው በፊት ይመዝገቡ።

ከመንግሥት መዋቅር ይልቅ ለአረጋዊው ደጅ የሚቀርበው ግን ዕድሩ ነው። የዕድር ዳኛ የትኛው ቤት ጢስ እንደማይወጣበት ያውቃል። ዕድር ለቀብር ያዘጋጀውን መዝገብና ጥሪ በወረርሽኝ ጊዜ ሕይወት ለማቆየት ቢያውለው ከዓላማው አይወጣም። ማኅበርና ሰንበቴ መሰብሰብ ባይቻላቸውም ለድግስ ያሰቡትን እህል ለደካማ ቤት መላክ ይችላሉ። አድራሹ ወጣት አፍንጫና አፉን ሸፍኖ፣ እጁን ታጥቦ፣ ዕቃውን ደጅ አስቀምጦ ከርቀት ሰላምታ ይስጥ። ሳይጣደፍ ጤናቸውን ይጠይቅ፤ ለብቸኛ ሰው ድምፅ መስማት ራሱ ድጋፍ ነው።

ምክር ቤቱ ከመወሰኑ በፊት የሚመልሳቸው ጥያቄዎች

1. በከተማው ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ስንት ናቸው? ልጆቻቸው በሥራ ምክንያት የራቁባቸውስ ተቆጥረዋል?
2. እህል፣ ውኃና ማገዶ ማን፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው መንደር ያደርሳል?
3. የማያቋርጥ መድኃኒት የሚወስዱት እነማን ናቸው? ለስንት ቀን የሚበቃ በእጃቸው አለ?
4. በጉልት ንግድ የሚተዳደሩት የተቋረጠው ገቢያቸው በምን ይካካሳል?
5. ሬዲዮና ስልክ ለሌላቸው ትእዛዙ በማን ይነገራል? ጆሮ ለከበዳቸውስ?
6. እገዳው መቼ ይገመገማል? መቼ ያበቃል?

ከእነዚህ አንዱ እንኳ መልስ ካላገኘ ውሳኔው አልተሟላም። ስድስቱም መልስ በቃለ ጉባኤው ላይ ከኃላፊው ስም ጋር ይስፈር።

የመወያያ ጥያቄዎች

ተሳታፊዎች በአራት በአራት ሆነው፣ ተራርቀው ተቀምጠው ይወያዩ።

1. በከተማችሁ የገበያ ቀን መጨናነቅ የሚበዛው የት ነው? ሳይዘጋ ሊሰፋ የሚችልበት ቦታ አለ?
2. በምሳሌው ላይ የተጠቀሱት እናት በእናንተ ቀበሌ ቢኖሩ በአምስተኛው ቀን ማን ደጃቸውን ያንኳኳ ነበር?
3. ዕድራችሁ ዛሬ እገዳ ቢታወጅ ነገ ምን ማድረግ ይችላል?

ዋና ዋና መልእክቶች

• መንገድ መዝጋትና አረጋውያንን መደገፍ የአንድ ውሳኔ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ በአንድ ቀን ይወሰኑ፤ በአንድ ቀን ይጀመሩ።
• ከመዝጋት በፊት ማስፋት፣ ማዛወርና ሰዓት መከፋፈል ይሞከር።
• አረጋዊው ወደ ድጋፉ አይሂድ፤ ድጋፉ ወደ አረጋዊው ይሂድ።
• በአረጋውያን ላይ የሚታይ ድንገተኛ ድካም ወይም መደናገር ሳይዘገይ ለጤና ባለሙያ ይነገር።
• የእገዳ ስኬት የሚለካው በተዘጋው መንገድ ርዝመት ሳይሆን፣ እገዳው ሲነሣ በጤና ደጃቸው ላይ በሚገኙት አረጋውያን ቁጥር ነው።