ትምህርት 14፦ ከፍጻሜው በኋላ የሚታየው

ሀ. ምንባብ
የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

በአምባ ጊዮርጊስ ከተማ ወጣቶች አንድ ምሽት ተሰብስበው ፊልም ያያሉ እንበል። ታሪኩ አልቆ የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር ከታች ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር አብዛኛው ተመልካች ብድግ ይላል፤ ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ከስሞቹ ጋር ከታሪኩ ተቆርጠው የቀሩ ትዕይንቶች የሚታዩበት ጊዜ አለ። በእነዚህም ተዋናዩ ቃሉን ሲስት፣ ሲሰናከል ወይም ሳቅ ሲያመልጠው እናያለን።

በዚህ ልማድ እጅግ የታወቀው የሆንግ ኮንጉ ተዋናይ ጃኪ ቻን ነው። ሐሳቡን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1981 ለእይታ በበቃው «ዘ ካነንቦል ራን» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ሲሠራ ነው። ይሁን እንጂ የእርሱ ቀሪ ትዕይንቶች የሚያሥቁ ብቻ አይደሉም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ «አርመር ኦፍ ጎድ» የተባለው ፊልም በዩጎዝላቪያ ሲቀረጽ፣ ወደ ዛፍ ዘሎ ቅርንጫፉ ተሰበረና ወደቀ። የራስ ቅሉ ስለ ተጎዳም ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ይህ አደጋ በፊልሙ ፍጻሜ ላይ ይታያል። ቀላል የመሰለን ዝላይ ምን ያህል ሕማም እንዳስከተለ፣ ባልደረቦቹም የወደቀውን እንዴት እንደ ረዱት የምንረዳው ያን ጊዜ ነው።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በብዙ የብራና መጻሕፍት ፍጻሜ ላይ ጸሐፊው የራሱንና ያስጻፈውን ሰው ስም ጠቅሶ አንባቢው በጸሎት እንዲያስባቸው ይለምናል። መጨረሻውን ሳያይ የሚሄድ ሰው ሥራውን ያያል እንጂ ሠሪውን አያውቅም።

ለ. ማስታወሻ
«ፊልሙ ተሠራ» ስንል ሠሪው አይታወቅም፤ «ተሠራ» ተገብሮ ግሥ ነው። «ባለሙያዎቹ ፊልሙን ሠሩ» ስንል ግን ሠሪው ይታወቃል፤ «ሠሩ» ገቢር ግሥ ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ባለቤት «ፊልሙ» በሁለተኛው «ፊልሙን» ተብሎ ተሳቢ እንደ ሆነ ልብ በሉ።

ሐ. መልመጃ
1. ተስማሚ ባለቤት እየጨመራችሁ የሚከተሉትን ወደ ገቢር ለውጡ።
   ሀ) ትዕይንቱ ተቀረጸ።
   ለ) ብራናው ተፋቀ።
   ሐ) ግንቡ ተገነባ።
2. በአካባቢያችሁ ሁሉም ስለሚጠቀምበት፣ የሠሪው ስም ግን ስለማይነሣ አንድ ሥራ አንድ አንቀጽ ጻፉ። በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሠሪውን በገቢር ግሥ ግለጹ። የሰረዛችሁበትን ረቂቅ አትጣሉ፤ ከንጹሑ ቅጂ ጋር አያይዛችሁ ለመምህራችሁ አቅርቡ።