ልብ አንጠልጣይ ፊልም በተማሪ እጅ

ፊልም ለመሥራት ከሚነሡ ተማሪዎች መካከል ብዙዎቹ በመጀመሪያ የሚመርጡት ልብ አንጠልጣይ የተባለውን ዐይነት ነው። ምርጫው አያስነቅፍም፤ ይህ ዐይነት ፊልም ብዙ ሰውና ብዙ ገንዘብ አይጠይቅምና። ጨለማ መተላለፊያ፣ የእግር ኮቴና አንድ የተዘጋ በር ይበቃሉ። ነገር ግን እነዚህን ሰብስቦ ማሳየት ሌላ፣ ተመልካችን በእውነት ማስጨነቅ ሌላ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የፊልሙ ልማድ እንዴት እንደሚሠራ፣ መቼና ለምንስ መስበር እንደሚገባ ለተማሪ ጓደኞቼ ባጭሩ ማስረዳት ነው። የሚጠቀሱት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፣ ልማድ ስንል ምን ማለታችን ነው? በፊልም ሠሪውና በተመልካቹ መካከል ያለ ያልተጻፈ ውል ማለታችን ነው። ተመልካቹ ገና ወደ አዳራሹ ሲገባ ወንጀል እንደሚፈጸም፣ አሳዳጅና ተሳዳጅ እንደሚኖሩ፣ የተደበቀውም ምስጢር በመጨረሻ እንደሚገለጥ ያውቃል። ጥላ ሲያይ አደጋን ይጠብቃል። ይህን የተመልካች ዕውቀት ሠሪው በሚገባ ከተጠቀመበት ሳይናገር ብዙ ሊናገር ይችላል። ፍሪትዝ ላንግ በ1931 በጀርመን አገር ባወጣው «ኤም» በተባለው ፊልም ውስጥ አንዲት እናት ልጇን ትጠራለች። የምናየው ባዶ ደረጃ፣ ባዶ ሳህን፣ የሚንከባለል ኳስ፣ ሽቦ ላይ የተያዘ ፊኛ ብቻ ነው። ግድያው አይታይም፤ ሆኖም ልጅቷ መሞቷን የማይረዳ የለም።

ሁለተኛው ትምህርት ማን ምን ያውቃል የሚለው ነው። አልፍሬድ ሂችኮክ ይህን ሲያስረዳ አንድ ምሳሌ ይሰጥ ነበር። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተራ ወሬ ያወራሉ፤ ከሥራቸው ቦምብ አለ። ሳናውቅ ቢፈነዳ የምንደነግጠው ለ15 ሰከንድ ነው። መኖሩን አስቀድመን ብናውቅ ግን ያው ተራ ወሬ ለ15 ደቂቃ ያስጨንቀናል።

ሦስተኛው ትምህርት ልማዱን ስለ መስበር ነው። ሂችኮክ በ1960 ባወጣው «ሳይኮ» ውስጥ አንዲት የቢሮ ጸሐፊ 40,000 ዶላር ሰርቃ ትሸሻለች። የምትጫወተው ታዋቂዋ ጃኔት ሊ ስለ ሆነች ተመልካቹ ታሪኩ የእርሷ መሆኑን አምኖ ይከተላታል። ዳሩ ግን ፊልሙ ገና ግማሽ ሳይደርስ ትገደላለች። ይህ አድራጎት ኀይል ያገኘው እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ውሉ በታማኝነት ስለ ተጠበቀ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሉን የሚያፈርስ ፊልም የሚያስደንቀው ሰው አይኖረውም።

«ገንዘብ የለንም» ለሚሉ ደግሞ የክሪስቶፈር ኖላን የመጀመሪያ ረጅም ፊልም ጥሩ ምሳሌ ነው። ኖላን በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያጠናው እንደ ብዙዎቻችን ሥነ ጽሑፍ ነበር። በ1998 የወጣውን «ፎሎዊንግ» የተባለውን ፊልም ከጓደኞቹ ጋር አንድ ዓመት ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኘ በጥቁርና ነጭ ቀረጸው። ወጪው 6,000 ዶላር ገደማ ነበር። የፊልም ጥቅሉ ውድ ስለ ነበረ ተዋንያኑ እንደ ቲያትር አስቀድመው ደጋግመው ይለማመዱ ነበር፤ ብርሃኑም በአብዛኛው ከመስኮት የሚገባው ነበር። ታሪኩ በመንገድ ላይ የማያውቃቸውን ሰዎች ስለሚከተል ወጣት ነው። በልማዱ የሚከተል አዳኝ ነው፤ እዚህ ግን አዳኝ የመሰለን ሰው ራሱ ወጥመድ ውስጥ ይገባል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ብልሃት ነው። ከብልሃት የሚበልጥ ጉዳይ ግን አለ። ልብ አንጠልጣይ ፊልም ተጠርጣሪ ይፈልጋል። ሰነፍ ሠሪ ይህን ተጠርጣሪ ከየት ያመጣዋል? ቀድሞውኑ በመንገድ ላይ ከሚጠረጠሩት መካከል ነው፤ ከግቢው ዘበኛ፣ ከአእምሮ ሕመምተኛው፣ ከመጻተኛው፣ አነጋገሩ ከእኛ ከተለየው። ብዙ ልማድ የሰበረው «ሳይኮ» እንኳ የአእምሮ ሕመምተኛን ገዳይ አድርጎ የማሳየቱን ልማድ አልነካውም፤ እንዲያውም አጠናከረው። ላንግ ግን ሌላ ነገር አሳየን። በ«ኤም» ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ለጠየቀችው ሕፃን ስለ መለሰላት ብቻ ሕዝብ ይከበዋል። ከየክፍለ ሀገሩ መጥተን ባንድ መኝታ ክፍል ለምናድር ለእኛ ይህ ትዕይንት የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም።

ስለዚህ አንድ መልመጃ ላቅርብ። በአንድ መኝታ ክፍል አራት ተማሪዎች አሉ፤ የአንዱ ስልክ ይጠፋል። በተለመደው አሠራር ሌባው ማን እንደ ሆነ እስከ መጨረሻው እንገምታለን። አሁን አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። ስልኩ በአልጋውና በግድግዳው መካከል ሾልኮ ሲወድቅ ተመልካቹ በመጀመሪያው ደቂቃ ይየው። ከዚያ በኋላ ጓደኞቹ ዝምተኛውን ልጅ በዐይናቸው ሲፈልጉት፣ ሻንጣውን ሲበረብሩ፣ በሩን ሲዘጉ፣ ስልኩም ድምፁ ተዘግቶ በጨለማ ውስጥ ሲበራ፣ የሂችኮክ ቦምብ ይኸው ነው። ወጪው አልጨመረም፤ ጥያቄው ግን ተለወጠ። «ሌባው ማን ነው?» የነበረው «እነዚህ ሰዎች በንጹሑ ላይ ምን ያደርጉበት ይሆን?» ሆነ። ወንጀል ሳይኖር ፍርሃት መጣ፤ የምንፈራውም ራሳችንን ነው።

እንግዲህ ፊልም ለመሥራት የምታስቡ ጓደኞቼ ሆይ፣ ካሜራ ከማንሣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ተመልካቹ ምን ይጠብቃል? ከባለ ታሪኩ አስቀድሞ ምን ይወቅ? ጥርጣሬውስ በማን ላይ ይውደቅ? የመጨረሻው ጥያቄ በቶሎ የሚመለስ አይምሰላችሁ፤ መብራት በርቶ ከአዳራሹ ስንወጣ አብሮን የሚወጣው እርሱ ነውና።