ስለ ጎሚኒ ለእህቴ ልጅ

መካኒኩ ከቪትዝሽ ስር ጎንበስ ብሎ አየና «ጎሚኒው በሙሉ አልቋል» አለሽ አሉ። ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ገንዘቡን ከመክፈልሽ በፊት ይህችን አንብቢ።

1. መጀመሪያ ነገሩን እወቂው። ብራቾ ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ ነው፤ የብራቾ ጎሚኒ ማለት ደግሞ በሁለት የብረት ቱቦዎች መካከል የተጣበቀ ላስቲክ ነው። የውስጡ ቱቦ በብሎን ከመኪናዋ አካል ጋር ይታሰራል፤ የውጩ ብራቾው ውስጥ ተጠቅጥቆ ይገባል። ጎማው ሲወጣና ሲወርድ ቱቦዎቹ አይንሸራተቱም፣ ላስቲኩ ራሱ ይጠመዘዛል። ከብረቱ ሲላቀቅ ብራቾው እንደፈለገው መዋለል ይጀምራል፤ የጎማውም አቅጣጫ አብሮት ይዋልላል።

2. በድምፅ ብቻ አትፍረጂ። በኮብልስቶን ላይ ቀስ ብለሽ ስትሄጂ ቪትዟ «ኳ ኳ» ካለች ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የስታቢላይዘር ሊንክ ነው፤ እሱ ደግሞ ርካሽ ነው። ቴስቲኒም፣ የአሞርዛተር መቀመጫም ያንኳኳሉ። በአንጻሩ ግማሹ የተቀደደ ጎሚኒ ድምፁን አጥፍቶ ወራት ይቆያል።

3. ጎሚኒን የሚያጋልጠው ፍሬን ነው። በፊት ብራቾ ላይ ካሉት ሁለት ጎሚኒዎች የኋለኛው ፍሬን ስትይዢ የሚመጣውን ግፊት ይሸከማል። ከላላ ጎማው ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፣ መኪናዋም ወደ አንድ ጎን ትስባለች። ባዶና ሜዳ ቦታ ፈልጊ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄድሽ መሪውን ለቀቅ አድርገሽ ያዢና ፍሬን ርገጪ፤ ቀጥሎ ወደ ኋላ እየሄድሽ ድገሚው። በሁለቱም አቅጣጫ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ «ዷ» የሚል ከባድ ምት ከተሰማሽ ጥርጣሬሽ መሠረት አለው። ሌላም መንገድ አለ፤ ፍሬኑን አጥብቀሽ እንደረገጥሽ ማርሹን ከፊት ወደ ኋላ ቀያይሪ፣ ወንድምሽ ከጎን ቆሞ ጎማው ከመከላከያው ጋር ያለውን ክፍተት ይመልከት። ከጎን አልኩ፤ ከፊት ለፊት ወይም ከኋላ እንዳይቆም። ፍሬን ስትይዢ መሳብ ግን ከራሱ ከፍሬኑም ሊመጣ ስለሚችል እሱንም ሳታስፈትሺ አትወስኚ።

4. የጎማሽን የውስጥ ጠርዝ በእጅሽ ዳብሺው። ከውጩ ቀድሞ ካለቀ፣ ወይም ዊል አላይመንት ካሠራሽ በኋላ ብዙም ሳይቆይ መሪው ከተዛባ፣ ጎሚኒው ይታይ። ጎሚኒው ሳይቀየር አላይመንት ማሠራት ገንዘብ መጣል ነው።

5. ከስር ስታዪ በክሪክ ብቻ አትተማመኚ፤ መደገፊያ ይግባ። ላስቲኩ ላይ የሚታይ ስስ ስንጥቅ የዕድሜ ምልክት ነው፣ ለመቀየር ምክንያት አይሆንም። የሚቀየረው ስንጥቁ እስከ ብረቱ ሲዘልቅ፣ የውስጡ ቱቦ ከመሐል ተነስቶ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል፣ ወይም የሞተር ዘይት ተንጠባጥቦበት ላስቲኩ አብጦ ሲልፈሰፈስ ነው። በረጅም ብረት ሲፈለቀቅ ጥቂት ሄዶ መመለሱ ጤና ነው፤ ተላቅቆ ክፍተት ካሳየ አይደለም። ግራና ቀኙን አስተያዪ። የኋላ ድልድዩን የያዙትን ሁለት ትልልቅ ጎሚኒዎችም አትርሺ፣ እነሱን የሚያይ ጥቂት ነው።

6. ከተቀየረ ግራና ቀኙ አብሮ ይቀየር፣ ሥራውም በፕሬስ እንጂ በመዶሻ አይሁን። ላስቲኩ ላይ ቀዳዳ ያለው ጎሚኒ የሚገባበት አቅጣጫ አለው። ከሁሉ የምጨነቅበት ግን ይህ ነው፤ የብራቾው ብሎን በመጨረሻ የሚጠብቀው ጎማው መሬት ነክቶ፣ መኪናዋ በራሷ ክብደት ስትቀመጥ ነው። ተንጠልጥላ ከተጠበቀ ላስቲኩ ዘወትር እንደተጠመዘዘ ይኖርና አዲሱ በአጭር ጊዜ ይቀደዳል። መካኒኩን ጠይቂው። ከሳቀብሽ ሌላ ጋራዥ ሂጂ።

7. ሶማሌ ተራ ያገለገለ ብራቾ በርካሽ ታገኛለሽ፤ ላስቲኩ ግን አሁን መኪናሽ ላይ ካለው እኩል ያረጀ ሊሆን ይችላል። ቶርኖ ቤት ከፕላስቲክ አስቀርጾ መግጠምም አለ፤ አይጠመዘዝም፣ የመንገዱን ምት ሁሉ ወደ ብረቱ ያስተላልፋል። እኔ ብሆን ጎሚኒው የተገጠመበትን አዲስ ብራቾ ሙሉውን እገዛለሁ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ይህችን መኪና ቶሎ የምትለውጪ አይመስለኝም።

8. ኪስሽ ሁሉንም ካልቻለ የስታቢላይዘሩ ላስቲክ እስከ ቀጣዩ ሰርቪስ ይቆይ። የፊት ብራቾው የኋለኛ ጎሚኒ ከተላቀቀ ግን ደሴ የምትሄጂበትን ቀን አራዝሚው፤ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርጂ እግርሽ ከፍሬን ላይ አይነሳም።