ወደ ተፎካካሪ ኩባንያ ሲዛወሩ ከክስ ለመዳን

አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምስጢር ክስ ሠራተኛውን ብዙ ጊዜ የሚጥለው በጭንቅላቱ የያዘው እውቀት ሳይሆን በላፕቶፑ ይዞት የወጣው ፋይል ነው። የጉግል መሐንዲስ የነበረው አንቶኒ ሌቫንዶውስኪ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራውን ሊለቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት 14 ሺህ ያህል ፋይል አውርዷል ተብሎ ነበር ነገሩ የተነሣው። በ2020 ጥፋቱን ያመነው በአንድ ፋይል ብቻ ነው፤ 18 ወር ለማስፈረድ ግን በቂ ሆነ። እስር ቤት ሳይገባ በ2021 ምሕረት አገኘ እንጂ።

መልቀቂያ ከማስገባትዎ በፊት የፈረሙትን ውል ፈልገው ያንብቡ። ለተፎካካሪ አልሠራም የሚለው ውል ካሊፎርኒያ ውስጥ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር አይጸናም። ምስጢር እጠብቃለሁ የሚለው ግን ከወጡም በኋላ ያስጠይቃል።

ቀጥሎ ፋይሉ የት የት እንዳለ ይመዝግቡ። የግል ጂሜይል፣ ፍላሽ፣ የልጆች ታብሌት፣ ማታ ቤት ልሥራበት ብለው ለራስዎ በቴሌግራም የላኩት ስክሪንሾት ሳይቀር። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ይደነግጥና ያጠፋዋል። ፍላሽ የተሰካበትን ሰዓት የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ሊመዘግብ ይችላል፤ ፋይሉ ሲጠፋ መዝገቡ አይጠፋም፤ ያኔ ነገሩ ማስረጃ መደበቅ ይመስላል። ስለዚህ ሳይነኩ ለመሥሪያ ቤቱ ያሳውቁ፤ አመላለሱንም በጽሑፍ ይስማሙ። የቤተሰብ ፎቶ እንኳ ከሥራ ላፕቶፕ ራስዎ አይቅዱ፤ የአይቲ ሠራተኛው ይቅዳልዎት።

ችሎታዎና ልምድዎ የራስዎ ነው። የ2016ቱ የፌዴራል የንግድ ምስጢር ሕግም አንድን ሰው ብዙ ያውቃል ተብሎ ብቻ ሥራ እንዳይቀጠር ማገድን አይፈቅድም። በቃል የያዙት የደንበኞች ዝርዝር ግን ምስጢር ሊባል ይችላል፤ «አልጻፍኩትም» ማለት ሁልጊዜ አያድንም።

ለአዲሱ አለቃዎ ምንም ይዘው እንዳልመጡ በኢሜይል ያሳውቁ። «እዚያ ዋጋ እንዴት ነበር የምታወጡት?» ካለዎት አይመልሱ። ወሬው መውጫ አያጣም፤ የጉግል እህት ኩባንያ የዌይሞ ጥርጣሬ የጠነከረው አንድ ዕቃ አቅራቢ ሌቫንዶውስኪ የተዛወረበትን የኡበርን የሰርኪት ቦርድ ንድፍ በስሕተት በኢሜይል ቢልክለት ነው።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከደረሰዎት ለቀድሞ አለቃዎ ደውለው ላስረዳ አይበሉ። ምንም ፋይል ሳያጠፉ የራስዎን ጠበቃ ይያዙ፤ የአዲሱ ኩባንያ ጠበቃ የሚቆመው ለኩባንያው ነው። ወጪውን ኩባንያው ይሸፍን እንደሆነ ግን ይጠይቁ፤ የሚሸፍኑ አሉ።