ኢንተርፌስ የቱ ነው?

ጥያቄ፦ ቢቸና የምኖር የኮምፒውተር ተማሪ ነኝ። ጃቫ ስንማር ኢንተርፌስ ማለት አካል የሌላቸው ሜተዶች ዝርዝር ነው ተባልን። ሞጣ ስልክ የሚጠግነው ወንድሜ ግን የኬብሉን መሰኪያ ኢንተርፌስ ይለዋል። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ሁለታችሁም። ቃሉ ሁለት ነገሮች የሚገናኙበትን ወሰን ያመለክታል፤ ከሙያ ሙያ የሚለያየው ምንና ምን እንደሚገናኙ ነው።

ቴሌብርን እንመልከት። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት በስማርት ስልክ በመተግበሪያ፣ በተራ ስልክ ደግሞ *127# በመደወል ይከፈታል። ሁለቱም የተጠቃሚ ኢንተርፌስ ናቸው፤ መልካቸው ለየቅል፣ ከጀርባ ያለው ሒሳብ ግን አንድ። አንድ ድርጅት ሶፍትዌሩን ከቴሌብር ጋር ሲያገናኝ ግን ጉዳዩ ከስክሪን ጋር አይደለም። ምን መረጃ በምን ቅርጽ እንደሚላክ፣ ምን መልስ እንደሚመጣ የሚደነግግ ውል አለ፤ ኤፒአይ የሚባለው ይኸው ነው። የጃቫው ኢንተርፌስ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ምን እንደሚሠራ ይናገራል፣ አሠራሩን በመሠረቱ ለሌላ ክፍል ይተዋል።

የወንድምህ ታይፕ ሲ መሰኪያም ውል ነው፤ ቅርጹም፣ የፒኖቹም ቦታ፣ ቮልቴጁም ተደንግጓል። ቻርጅ እያደረገ ዳታ የማያስተላልፍ ርካሽ ኬብል አጋጥሞት ከሆነ፣ ቅርጽ ብቻውን እንደማይበቃ ያውቀዋል።

በኬሚስትሪ ግን ውል የለም፤ ዘይትና ውኃ የሚነካኩበት ገጽ ራሱ ኢንተርፌስ ይባላል።

ፈተና ላይ ቃሉ ከመጣብህ መጀመሪያ የሚገናኙትን ሁለት ነገሮች ጻፍ።